ከመጫን በፊት ቺፑን ማወቅ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ አበቃ። በዚያ ቀን ብዙ ላፕቶፖች ምንም ሳይጎድላቸው ጡረታ ወጡ። ዊንዶውስ 11 የሚቀበለው ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት መሣሪያ ያላቸውንና ፕሮሰሰራቸው፣ ኢንቴል ከሆነ፣ በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ የተሠራውን ብቻ ነው። ይሁንና 7ኛ ትውልድ ኮር አይ5፣ 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ያለው ማሽን ለጽሑፍም ለኢንተርኔትም ለሂሳብ ሥራም ዛሬም ይበቃል። ባለቤቱ ታዲያ አምራቹ ያላሰበለትን ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ በተለይም ሊኑክስን፣ ይሸከምልኝ ይሆን ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚቀርበው በላፕቶፑ ስም ነው፦ ዴል ላይ ይሠራል? ኤችፒ ላይስ? እንዲህ የተጠየቀ ጥያቄ የሚያስተማምን መልስ አያገኝም። ላፕቶፕ ከተለያዩ ፋብሪካዎች የመጡ ቺፖች አንድ ክዳን ሥር የተሰበሰቡበት ዕቃ ስለሆነ ተስማሚነቱም መመርመር ያለበት ቺፕ በቺፕ ነው።

አምራቹ አልደግፍም ያለው ሁሉ አይሠራም ማለት እንዳልሆነ ማስረጃውን የሰጠን ማይክሮሶፍት ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የዊንዶውስ 11 የፕሮሰሰር ዝርዝር ሲወጣ የኢንቴል 7ኛ ትውልድ ውጭ ቀርቶ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን ኮር አይ7 7820ኤችኪው የተባለው የዚያው ትውልድ ፕሮሰሰር በልዩ ሁኔታ ተፈቀደለት፤ ይህ ፕሮሰሰር ማይክሮሶፍት በራሱ ስም ይሸጠው በነበረው ሰርፌስ ስቱዲዮ 2 ውስጥም ይገኛል። ኩባንያው ያቀረበው ምክንያት የማሽኖቹ ድራይቨሮች ዘመናዊ መሆናቸውን ነበር። ምክንያቱን ብንቀበለው እንኳ ውሳኔው የፕሮሰሰሩን አቅም እንዳልለካ ያሳያል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 24ኤች2 የተባለው የዊንዶውስ 11 እትም፣ ፖፕካውንት የሚሉት ትእዛዝ በሌላቸው አሮጌ ፕሮሰሰሮች ላይ ጭራሽ አይነሣም። ትእዛዙ ቺፑ ውስጥ ካልተቀረጸ በምንም ዘዴ አይጨመርም። ምርመራው የሚጀምረው እንግዲህ እነዚህን ሁለት ዓይነት ክልከላዎች ከመለየት ነው፤ አንዱ ኩባንያው ኃላፊነት አልወስድም ያለበት ነው፣ ሌላው ብረቱ ራሱ እምቢ ያለበት። የመጀመሪያውን ዓይነት ክልከላ አልፎ ዊንዶውስ 11ን መጫን ይቻላል፤ ነገር ግን ማይክሮሶፍት እንዲህ ለተጫነ ማሽን የማሻሻያ ዋስትና እንደማይሰጥ አስታውቋል። ሰው ወደ ሊኑክስ የሚያማትረው አንድም በዚህ ነው።

ሊኑክስ ከላፕቶፑ አካላት ጋር የሚነጋገረው በድራይቨር በኩል ነው፤ ድራይቨር በሲስተሙና በቺፑ መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነው። ቺፖቹ በአብዛኛው ሁለት መለያ ቁጥር ይይዛሉ፣ አንዱ የአምራቹ፣ ሁለተኛው የሞዴሉ። የኢንቴል ቁጥር 8086 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ዝነኛ ፕሮሰሰር ስም መሆኑ ነው። የኤኤምዲ ግራፊክስ 1002 ይላል። የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ሲነሣ ቁጥሮቹን አንብቦ ከድራይቨሮቹ መዝገብ ጋር ያመሳክራል፤ የሚገጥም ካገኘ ሥራ ያስጀምራል፣ ካላገኘ ቺፑን እንደሌለ ቆጥሮ ያልፈዋል። ክዳኑ ላይ የተጻፈው ስም በዚህ ሁሉ ውስጥ ያለው ድርሻ ትንሽ ነው። ቁጥሩን ለማየት ደግሞ ሊኑክስ መጫን አያስፈልግም። ዊንዶውሱ ገና እያለ ዲቫይስ ማናጀር ይከፈትና ኔትወርክ አዳፕተርስ ከሚለው ሥር የዋይፋዩ ስም በራይት ክሊክ ተነክቶ ፕሮፐርቲስ ይገባል። ዲቴይልስ በሚለው ገጽ ላይ ሃርድዌር አይዲስ ሲመረጥ ረዘም ያለ መስመር ይወጣል፤ ቬን ከሚለው ቀጥሎ ያሉት አራት ምልክቶች አምራቹን፣ ዴቭ ከሚለው ቀጥሎ ያሉት አራቱ ቺፑን ይናገራሉ። እነዚህን ስምንት ምልክቶች ሊኑክስ ከሚለው ቃል ጋር ኢንተርኔት ላይ መፈለግ የላፕቶፑን ስም ከመፈለግ ይልቅ የተጨበጠ ነገር ያስገኛል።

ሁሉም ቺፕ እኩል አያስቸግርም። ፕሮሰሰሩና ራሙ እምብዛም አያሳስቡም፤ የኢንቴል ዋይፋይና የኢንቴል ግራፊክስም ድራይቨራቸውን የኩባንያው መሐንዲሶች እየጻፉ ከርነሉ ውስጥ ስለሚያስገቡት ብዙ ጊዜ እንደተነሡ ይሠራሉ። ብሮድኮም ዋይፋይ ግን ሌላ ታሪክ አለው። ኩባንያው የቺፖቹን አሠራር ለዓመታት ስላልገለጸ በጎ ፈቃደኞች ከውጭ ሆነው እየፈለፈሉ ድራይቨር ጻፉላቸው፤ እሱ ራሱ ግልጽ ድራይቨር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፣ ያም ለጥቂት ቺፖች ብቻ። ዛሬም በአሮጌ ማክቡኮችና በአንዳንድ ዴሎች ውስጥ ያለ ብሮድኮም፣ ፈርምዌር (ቺፑ ራሱ የሚሠራበት ትንሽ ፕሮግራም) ወይም ድራይቨር ለብቻው ካልተጫነለት፣ ኔትወርክ አያሳይም። እሱን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል! መፍትሔው አንድሮይድ ስልክን በዩኤስቢ ገመድ ሰክቶ ቴተሪንግ ማብራት ነው፤ ሊኑክስ ይህን ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ያውቀዋል። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2022 የከርነል ድራይቨሩን ኮድ ይፋ ያደረገው ቱሪንግ ከተባለው ትውልድ ወዲህ ላሉት ቺፖች ነው፤ ከዚያ በፊት ያሉት በዝግ ድራይቨር ወይም በጎ ፈቃደኞች በጻፉት ኑቮ ይተዳደራሉ። የጣት አሻራ አንባቢ ከሁሉ ይልቅ ተስፋ የሚያስቆርጥ ክፍል ነው፤ የሌለ ያህል ቆጥሮ መጀመር ይሻላል።

ከሁሉም በላይ ሰውን የሚያስደነግጠው ግን ጫኙ ፕሮግራም ዲስኩን ጭራሽ ሳያየው ሲቀር ነው። ብዙ ጊዜ ዲስኩ ጤነኛ ነው፤ ባዮሱ ውስጥ የዲስክ አሠራሩ በኢንቴል አርኤስቲ ወይም በሬይድ ስለተቀመጠ ነው፣ ወደ ኤኤችሲአይ ሲቀየር ዲስኩ ይታያል። ዊንዶውሱን ጎን ለጎን ማቆየት የሚፈልግ ሰው ግን እንዲሁ ቢቀይረው ዊንዶውሱ ላይነሣለት ይችላል፤ ቢትሎከር የተባለው የዲስክ መቆለፊያ ካለም የማስከፈቻ ቁልፉን አስቀድሞ ወረቀት ላይ መጻፍ ግድ ነው።

የተፈተኑ ላፕቶፖች ዝርዝር እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ኡቡንቱን የሚያዘጋጀው ካኖኒካል ያረጋገጣቸውን ሞዴሎች ዝርዝር ያወጣል፤ ሞዴሉን እዚያ ያገኘ ሰው ጥሩ መነሻ አለው። ችግሩ አንድ የሞዴል ስም አንድ ማሽን አለመሆኑ ነው። ቲንክፓድ ቲ480 በኢንቴል ግራፊክስ ብቻም፣ ኤንቪዲያ ኤምኤክስ150 ተጨምሮበትም ተሽጧል። የመጀመሪያውን የያዘ ሰው ያለ ችግር ሠራልኝ ቢል፣ ሁለተኛውን የያዘው በድራይቨር ቢንገላታ፣ ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። በተለይ ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ፣ ባለቤቶች ሲፈራረቁበት ካርዱ ወይም ዲስኩ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል፣ ዝርዝሩ ፋብሪካው የላከውን እንጂ እጃችን ላይ ያለውን አይነግረንም።

ሌላው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው፤ ጭኖ ማየት እያለ ቁጥር መልቀም ምን ይሠራል? ሳይጭኑ ማየት የሚቻል ባይሆን ኖሮ ይህ ክርክር ያሸንፍ ነበር። ሊኑክስ ግን በ8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ሩፈስ በተባለ ፕሮግራም ተጽፎ ዲስኩ ሳይነካ ከፍላሹ ይነሣል። ሌኖቮና ዴል ላይ ብዙ ጊዜ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ተጭኖ ፍላሹ ይመረጣል። ከዚያ ዋይፋይ ማገናኘት፣ ድምፅን በስፒከርም በጆሮ ማዳመጫም መስማት፣ ካሜራ መክፈት፣ የስክሪኑን ብርሃን ከፍና ዝቅ ማድረግ ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋውን ክዳን መዝጋትንም መሞከር ያስፈልጋል፤ አሥር ደቂቃ ቆይቶ ሲከፈት ስክሪኑ ጠቁሮ የሚቀር ላፕቶፕ ከቦታ ቦታ ይዞት ለሚዞር ሰው ራስ ምታት ነው። ይህ ሙከራ ግን የቺፑን ቁጥር ማወቅን አይተካም። ዋይፋዩ ከፍላሹ እምቢ ሲል፣ ትንሽ ፈርምዌር የጎደለው ይሁን ድራይቨር ያልተጻፈለት፣ የሚለየው በቁጥሩ ነው። የመጀመሪያው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ላፕቶፑን ለመተው ወይም ካርዱን ለመቀየር ይበቃል።

የማክ ሲስተምን በተራ ላፕቶፕ ላይ መጫን ለሚመኙም ምርመራው ያው ነው፣ መልሱ ግን ጠባብ ነው። የአፕል የአጠቃቀም ውል ሲስተሙ ከራሱ ማሽን ውጭ እንዳይጫን ይከለክላል። ድራይቨሮቹም የተዘጋጁት አፕል ማሽኖቹ ውስጥ ላስገባቸው ቺፖች ስለሆነ አዳዲሶቹ የኤንቪዲያ ግራፊክሶች ተስፋ የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ታሆ የተባለው የማክ ሲስተም ደግሞ በኢንቴል ማክ ላይ የሚሠራ የመጨረሻው እትም ነው። አዲስ ገንዘብ የሚወጣበት መንገድ አይመስለኝም።

በአማርኛ ለሚጽፍ አንድ ነገር ይጨመር፦ ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው፤ ሊኑክስ ላይ በኪይማን ወይም በራሱ በሲስተሙ የአማርኛ ኪቦርድ ይጻፋል። ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ ስትሄዱ ፍላሹን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሻጩም ከፍላሹ አስነሥታችሁ እንድታዩ ይፍቀድላችሁ። ያስቸገረው ዋይፋዩ ብቻ ከሆነ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ካርዱ ይቀየራል፤ አንዳንድ የቆዩ ሌኖቮዎችና ኤችፒዎች ግን ባዮሳቸው የማያውቀው ካርድ ሲገባባቸው አይነሡም። ግራፊክሱ ከሆነ በአብዛኛው ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ አይቀየርም፤ ሌላ ላፕቶፕ ፈልጉ።