የሰርግ ፊልም በቤት ሲቀናበር፦ ለጀማሪ የሚሆን ሶፍትዌር አመራረጥ

የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር በተለያየ ጊዜ የተቀረጹ ክሊፖችን የሚቆርጥ፣ በቅደም ተከተል የሚቀጥል፣ ድምፅና ጽሑፍ የሚጨምር፣ በመጨረሻም ሁሉንም አንድ ወጥ ፊልም አድርጎ የሚያወጣ የኮምፒውተር ወይም የስልክ ፕሮግራም ነው። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው የምዕራብ ጎጃም ገጠር ይህ ሥራ ለረጅም ጊዜ የፎቶ ቤቶች ብቻ ነበር። የሰርጉ ባለቤት ቀራጭ ይቀጥራል፣ ፎቶ ቤቱ ያቀናብራል፣ ቤተሰቡ ካሴቱን ወይም ሲዲውን ይረከባል። ዛሬ ግን በጥር ሰርግ ዳስ ውስጥ ስልክ ያላነሳ ወጣት አይገኝም። ሙሽራው ከቤት ሲወጣ አንዱ፣ የሽማግሌዎቹን ምርቃት ሌላው፣ እስክስታውን ደግሞ ሦስተኛው ቀርጾ ይገባል። ያ ሁሉ ቀረጻ በየስልኩ ተበትኖ እንዳይቀር ከቤተሰቡ አንዱ ማቀናበር አለበት፤ በምን ያቀናብረው የሚለውም ጥያቄ ከዚያ ይነሳል።

በካሴት ዘመን ማቀናበር ማለት ሁለት ማጫወቻዎችን አገናኝቶ ከአንዱ ወደ ሌላው መቅዳት ነበር። መሃል ላይ አንድ ትዕይንት ለማስገባት ከዚያ ቦታ በኋላ ያለውን ሁሉ እንደገና መቅዳት ያስፈልግ ነበር፤ የቪኤችኤስ ካሴት በተቀዳ ቁጥርም ምስሉ ይደበዝዛል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የአቪድ ማሽን ቀረጻውን ወደ ኮምፒውተር አስገብቶ እንደልብ ማዘዋወር እንደሚቻል አሳየ፤ ዋጋው ግን የሚቀመሰው ለቴሌቪዥን ጣቢያዎችና ለፊልም ኩባንያዎች ብቻ ነበር። የዲቪ ካሜራ በ1995፣ የአፕል አይሙቪ በ1999፣ የማይክሮሶፍት ሙቪ ሜከር በ2000 ሲከተሉ ሥራው ወደ ቤት ገባ። በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ሰልፍ ያሰለፉት የአማርኛ ቪዲዮ ፊልሞች የተስፋፉትም በዚሁ የዲጂታል ካሜራና ኮምፒውተር ዘመን ነው። ሙቪ ሜከርን ማይክሮሶፍት በጥር 2017 እ.ኤ.አ. አቁሞታል። ዛሬም በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይገኛል፤ አዲስ ለሚጀምር ሰው ግን አይመከርም።

ጀማሪ ሶፍትዌር ከመምረጡ በፊት ሊያውቀው የሚገባ አንድ የአሠራር ነገር አለ። ማቀናበሪያው ዋናውን ቀረጻ አይነካም። ታይምላይን በሚባለው መደርደሪያ ላይ ክሊፕ ሲቆረጥ የሚቆረጠው ፋይሉ አይደለም፤ ፕሮግራሙ «ከዚህ ፋይል ከ12ኛው ሰከንድ እስከ 40ኛው አሳይ» የሚል ትእዛዝ ብቻ ይመዘግባል። ፕሮጀክት ተብሎ የሚቀመጠው ፋይልም የእነዚህ ትእዛዞች ዝርዝር ስለሆነ መጠኑ ትንሽ ነው፤ ምስል የለበትም። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሚሞሪ ካርዱን ላፕቶፕ ላይ ሰክቶ በቀጥታ ከካርዱ እየጎተተ ሌሊቱን ሲያቀናብር ያድራል፤ ጠዋት ካርዱን ለባለቤቱ ይመልሳል፤ ማታ ፕሮጀክቱን ሲከፍት በክሊፖቹ ቦታ ፋይሉ እንደጠፋ የሚያሳይ ምልክት ይጠብቀዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከሁሉ በፊት የሰርጉን ስም የያዘ አንድ ፎልደር ይከፈታል፤ የሁሉም ስልክ ቀረጻ፣ ዘፈኑ፣ ፎቶው፣ ፕሮጀክቱም ጭምር እዚያው ይገባል፤ ሥራው እስኪያልቅ ፎልደሩም ሆነ በውስጡ ያሉ ፋይሎች ቦታም ስምም አይቀይሩም።

ምርጫው መነሳት ያለበት ካለው ማሽን ነው። ስልክ በ1080 ጥራት ሲቀርጽ አንድ ደቂቃ በተለመደው አቀራረጽ 130 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ አንድ ሰዓት ወደ 8 ጊጋባይት ይጠጋል ማለት ነው። በ4ኬ ሲሆን ሰዓቱ ከ20 ጊጋባይት ያልፋል። አዳዲስ ስልኮች ቦታ ለመቆጠብ ኤች 265 በሚባለው አቀራረጽ ይቀርጻሉ፤ ፋይሉ በግማሽ ያህል ያንሳል፣ አሮጌ ላፕቶፕ ግን እሱን ለመፍታት ይቸገራል፤ ምስሉ እየተቆራረጠ ይሄዳል። ስለዚህ ከሰርጉ በፊት የቀራጮቹን ስልክ ሰብስቦ ሁሉንም ወደ 1080 እና ወደ ኤች 264 ማስተካከል የማቀናበሩን ድካም ብዙ ያቀልለዋል። ሾትከት የተባለው ነፃ ፕሮግራም አዘጋጆች ለተራ ጥራት 4፣ ለኤችዲ 8፣ ለ4ኬ 16 ጊጋባይት ራም ይመክራሉ። በገበያ ላይ በብዛት ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ 4 ወይም 8 ነው። ራሙ ላነሰበት ፕሮክሲ የሚባል መላ አለ። ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን ክሊፕ አነስ ያለ ቅጂ ሠርቶ በእሱ ላይ ያቀናብራል፤ የመጨረሻውን ፊልም ሲያወጣ ወደ ዋናው ቀረጻ ይመለሳል። ፕሮክሲ የሌለው ማቀናበሪያ ለደካማ ላፕቶፕ መመረጥ የለበትም።

በምዕራብ ጎጃም ግን ከማሽኑ እኩል የሚመዝነው ኢንተርኔቱ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሳይመለስ ቆይቷል፤ በደህናውም ጊዜ ከከተማ ወጣ ሲባል መስመሩ ይደክማል። ያለ ኢንተርኔት የማይከፈት ማቀናበሪያ ጥራቱ ምንም ቢሆን እዚህ ሥራ ያስፈታል። ከዊንዶውስ 11 ጋር አብሮ የሚመጣው ክሊፕቻምፕ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ለመልመድ ቀላል ነው፤ በነፃ እስከ 1080 ያለ ዋተርማርክ (በምስሉ ላይ የሚለጠፍ የፕሮግራሙ መለያ) ያወጣል፤ ሆኖም በኢንተርኔት ላይ የቆመ ነው። ከስልክ መተግበሪያዎች ብዙ ተጠቃሚ ያለው ካፕከት ደግሞ መቁረጥና መቀጠሉን ያለ ኔትዎርክ ይሠራል፤ ጌጣጌጡ፣ ቴምፕሌቱና ብዙው ፎንት ግን ሲፈለግ የሚወርድ ነው። ቀድሞ በነፃ ይሰጣቸው ከነበሩት መካከልም የተወሰኑት ወደ ክፍያው ተዘዋውረዋል። የመብራት መቆራረጥም የራሱ ጣጣ አለው። ዴስክቶፕ ያለው ሰው መብራት በጠፋ ቁጥር ያልተቀመጠ ሥራውን ያጣል፤ ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕ ከኃይለኛ ዴስክቶፕ የሚሻለው እዚህ ላይ ነው። በራሱ ጊዜ ሥራን የሚያስቀምጥ ፕሮግራም መምረጥና ይህን አገልግሎቱንም ማብራት ግድ ነው።

ይህ ሁሉ ከተያዘ በኋላ የፕሮግራሞቹ ዝርዝር ያጥራል። ስልክ ብቻ ላለው፣ ከአሥር ደቂቃ ለማይበልጥ የልደት፣ የክርስትና ወይም የምርቃት ቪዲዮ፣ ካፕከት ወይም ቪኤን ይበቃል። ካፕከት መጨረሻ ላይ የራሱን መለያ ይጨምራል፤ እሱን መርጦ ማጥፋት ይቻላል። ካይንማስተር በነፃው ላይ ዋተርማርክ ይለጥፋል። የሁለት ሰዓት ሰርግ ግን ለስልክ ሸክም ነው፤ ማከማቻው ይሞላል፣ ጣት በሚያህል መስኮት ላይም የድምፅና የምስል ልክ አይታይም።

ላፕቶፕ ላለው ሾትከት፣ ኬደንላይቭና ኦፕንሾት አሉ። ሦስቱም ነፃ ናቸው፤ ምዝገባ አይጠይቁም፤ ዋተርማርክ የላቸውም፤ አንዴ ከተጫኑ ኢንተርኔት አይፈልጉም። መጫኛቸው በፍላሽ ከሰው ወደ ሰው መሄዱም ሕጋዊ ነው። ኦፕንሾት ለመልመድ ቀላሉ ነው፤ ረጅም ሥራ ግን ይከብደዋል። ኬደንላይቭ ብዙ የምስልና የድምፅ መስመር ላለው ሥራ ይመቻል። ለጀማሪ ከሦስቱ ሾትከት ይመረጣል። በደካማ ላፕቶፕ ይሠራል፤ ሳይጫን ከፎልደሩ በቀጥታ የሚከፈት ቅጂ ስላለውም በኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተር ላይ ሳይቀር ይጠቅማል። ገጽታው መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል፣ በተለይ መደርደሪያው ተዘግቶ ስለሚከፈት፤ ለጥቂት ቀን የታገሰው ሰው ግን አይተወውም።

ከዚህ ከፍ የሚል ካስፈለገ ዳቪንቺ ሪዞልቭ አለ። የአውስትራሊያው ብላክማጂክ ዲዛይን እ.ኤ.አ. በ2009 ገዝቶት ከ2011 ጀምሮ ነፃ ቅጂ ያቀርባል፤ በትልልቅ ፊልሞች ቀለም ማስተካከያነት የታወቀ ነው። 16 ጊጋባይት ራምና ጠንካራ ግራፊክ ካርድ ስለሚፈልግ በተራ ላፕቶፕ ላይ መጫኑ ድካም ብቻ ነው። አዶቤ ፕሪሚየር የባለሙያዎቹ መሣሪያ ነው፤ ከ2013 ወዲህ በየወሩ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት በመሆኑ ብዙ ሰው የተሰበረውን፣ በተለምዶ ክራክ የሚባለውን ቅጂ ይጠቀማል። ያ ቅጂ ብዙ ጊዜ የሚጫነው ጸረ ቫይረሱን አጥፍቶ ነው። የአንድ ቤተሰብ የሰርግ ቀረጻ ዳግም አይገኝም፤ እሱ በተቀመጠበት ኮምፒውተር ላይ ምንነቱ ያልታወቀ ፋይል ማስገባት፣ የሚበቃ ነፃ ፕሮግራም እያለ፣ ትልቅ ጥፋት ነው።

የአማርኛ ጽሑፍ ሌላው መመዘኛ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ እንደ ዐረብኛ ፊደሎቹ እርስ በርስ ስለማይቀጣጠሉም ዩኒኮድ የሚያውቅ ማቀናበሪያ ሁሉ ሊጽፈው ይችላል። በሙሽሮቹ ስም ፋንታ ባዶ ሳጥን ከመጣ ችግሩ የተመረጠው ፎንት ግዕዝ የሌለው መሆኑ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን መጫንና በጽሑፉ መስኮት ላይ መምረጥ ይፈታዋል፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። የድሮዎቹ ዩኒኮድ ያልሆኑ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች ግን ፕሮጀክቱ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ወደ ላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይለወጣሉ። በስልክ መተግበሪያ አማርኛው ደብዛዛ ወይም ወጣ ገባ ሆኖ ከታየ የራስን ፎንት የሚያስገባ መሆኑን ማየት ያሻል።

ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያማርረው የድምፅና የምስል መለያየት ነው። ስልክ በሰከንድ 30 ምስል እቀርጻለሁ ቢልም በጨለማ፣ ለምሳሌ ማታ በዳስ ውስጥ፣ ቁጥሩን ይቀንሳል፤ ብርሃን ሲያገኝ ይመልሰዋል። ብዙ የኮምፒውተር ማቀናበሪያዎች እኩል ቁጥር ስለሚጠብቁ በረጅም ክሊፕ ላይ ድምፁ ከከንፈር እየራቀ ይሄዳል። የሽማግሌው ምርቃት ሲጀመር ልክ ነበር፤ ወደ መጨረሻው ሲደርስ አፋቸው ተዘግቶ ድምፃቸው ይሰማል። ሾትከት እንዲህ ያለ ክሊፕ ሲገባለት አውቆ ልቀይረው ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ እሺ ማለት ነው። ለሌሎቹ ሃንድብሬክ በተባለ ነፃ ፕሮግራም አስቀድሞ ወደ እኩል ቁጥር መቀየር ይቻላል። ከበሮ የተመታበት ቀረጻ ደግሞ ድምፁ ከልኩ አልፎ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ድምፅ በምንም ሶፍትዌር ሙሉ በሙሉ አይድንም። ማቀናበሪያው ሊረዳ የሚችለው ከሌላው ስልክ የተሻለውን ድምፅ ወስዶ በዚያኛው ምስል ሥር ማድረግ ነው። ለዚህም ቢያንስ ሁለት የድምፅ መስመር ያለው ፕሮግራም ያስፈልጋል።

ማቀናበሪያ የሚያስፈልገው ለሰርግ ፊልም ብቻም አይደለም። ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ አማራን ጨምሮ በተለያዩ ክልሎች የልማት ሠራተኞች ራሳቸው እየቀረጹ የሚያዘጋጁትን አጭር የግብርና ቪዲዮ በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር ለገበሬው ሲያሳይ ቆይቷል። ወደ 7,000 ሄክታር የሚያለማው የቆጋ መስኖ በመሳሰለው አካባቢ ስለ ድንች ወይም ስለ ስንዴ ውኃ አጠጣጥ የሚሠራ ቪዲዮ ከአሥር ደቂቃ አካባቢ ባይበልጥ ይሻላል። የሚናገረው ገበሬ ድምፅ ጥርት ማለት አለበት፤ ተሸጋጋሪ ጌጥ አያስፈልገውም። ለእንዲህ ያለው ሥራ የንፋስ ድምፅ የሚቀንስ ማጣሪያ ያለው ፕሮግራም መቶ ጌጥ ካለው ይበልጣል።

አንድ ፕሮግራም ይሆናል ወይም አይሆንም ለማለት ሰርጉን መጠበቅ አያስፈልግም። ከየቀራጩ ስልክ አንድ አንድ ክሊፕ ወስዶ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ መሥራት ነው፦ ስም በአማርኛ ይጻፍበት፣ ዘፈን ይግባበት፣ ዋይፋዩ ጠፍቶ ይሠራ፣ ፕሮጀክቱ ተዘግቶ እንደገና ይከፈት፣ ፊልሙ ወጥቶ በቤቱ ቴሌቪዥን ይታይ።

የመጨረሻው ፋይል ኤምፒ4 ሆኖ በኤች 264 መውጣቱ ለአሮጌ ቴሌቪዥንም ለስልክም ይስማማል። ፍላሽ ላይ ሲገለበጥ ግን ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ። ፍላሹ 32 ጊጋባይት ባዶ ቦታ እያለው የሁለት ሰዓቱን ፊልም አልቀበልም ይላል። ምክንያቱ ፋት32 የሚባለው አቀማመጥ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አለመያዙ ነው። በሰከንድ 8 ሜጋቢት የወጣ ፊልም አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ገደማ ሲሆን ያንን ልክ ይሞላዋል። ፍላሹን ኤክስፋት አድርጎ ፎርማት ማድረግ ይቻላል፤ አሮጌ ቴሌቪዥኖችና ሪሲቨሮች ግን ኤክስፋትን ላያነቡ ስለሚችሉ ፊልሙን በሁለት ክፍል፣ ሰርጉን ለብቻ መልሱን ለብቻ፣ ማውጣት ይሻላል። ውጭ አገር ላሉ ዘመዶች በቴሌግራም ሲላክ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ከተላከ ጥራቱ አይቀንስም፤ አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል።

ሥራው ካለቀ በኋላ ዋናው ቀረጻና የፕሮጀክቱ ፋይል በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ይቀመጣሉ፤ ዲስኮቹም በሁለት የተለያዩ ቤቶች ቢሆኑ ይመረጣል። የፕሮክሲ ቅጂዎቹ ሊጠፉ ይችላሉ፤ ፕሮግራሙ ሲፈልጋቸው እንደገና ይሠራቸዋል።