ያውቁ ኖሯል? ዘፈን የሌለው ተውኔት በሕግ ያስጠይቅ ነበር

(ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቲያትር ቤቶች ዘፈንና ጭፈራ የበዛው ተመልካች ስለወደደው ብቻ እንዳልነበረ ያውቁ ኖሯል? በለንደን ሕጉም ያስገድድ ነበር። ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ በ1662 በሰጡት ፈቃድ መሠረት በንግግር ብቻ የሚሠራ ቁም ነገር ያለው ተውኔት የሁለት ቲያትር ቤቶች ርስት ሆነ፤ በኋላ ድሩሪ ሌን እና ኮቨንት ጋርደን ወረሱት። ሄይማርኬት የሚባለው ሦስተኛው ደግሞ በበጋ ወራት ብቻ ይፈቀድለት ነበር። ሌሎቹ ቲያትር ቤቶች ታሪኩን በዜማ፣ በጭፈራና በምልክት ካላዋዙት ይከሰሱ ነበር። ይህ ሕግ የተነሳው በ1843 ነው።

የሼክስፒር ማክቤዝ ሳይቀር በዚህ ሕግ ምክንያት መልኩን ቀይሯል። ሮበርት ኤሊስተን የተባለው ተዋናይ በ1809 ሮያል ሰርከስ በተባለው ቲያትር ቤት ሲያቀርበው፣ ሙዚቃና የአካል እንቅስቃሴ የንግግሩን ቦታ ያዙ።

በዚያው ዓመት ኮቨንት ጋርደን ከቃጠሎ በኋላ እንደገና ተሠርቶ ሲከፈት የመግቢያ ዋጋ ጨመረ። ተመልካቹ ታዲያ ከመድረኩ በላይ ራሱ ጨፈረ። 67 ምሽት ሙሉ እየጮኸ፣ እያፏጨ፣ ወንበሩ ላይ ቆሞ እግሩን እየመታ ተዋንያኑን አላሰማም አለ። በመጨረሻ የተረታው ሥራ አስኪያጁ ጆን ኬምብል ነው፤ የመሬቱ መቀመጫ ዋጋ ወደ ነበረበት ተመለሰ።

ፓሪስም የራሷ ገደብ ነበራት። የሙዚቃ ደራሲው ዣክ ኦፈንባክ በ1855 ትንሿን ቲያትር ቤቱን ሲከፍት የመንግሥት ፈቃዱ መድረክ ላይ የሚወጡትን ሰዎች ብዛት ሳይቀር ይወስን ነበር። እሱም በ1857 ባቀረበው ሥራ ላይ አንድ ተጨማሪ ሰው ሲያስፈልገው፣ ምላሱ በጦርነት የተቆረጠ ገጸ ባሕርይ ፈጠረ፤ ሰውየው አይዘፍንምና ከሕጉ ጋር አይጣላም።

የኦፔራ ደራሲውን ሪቻርድ ዋግነርን ያሸነፈው ግን ሕግ ሳይሆን እራት ነው። በፓሪስ ኦፔራ ጭፈራው በሁለተኛው ገቢር እንዲሆን የለመዱ ባለጠጋ የጆኪ ክለብ አባላት ነበሩ፤ እራታቸውን በልተው ዘግይተው ይመጣሉ፣ የሚያደንቋቸውን ጨፋሪዎች ያያሉ። ዋግነር በ1861 ታንሆይዘር የተባለውን ኦፔራውን ሲያቀርብ ጭፈራውን በመጀመሪያው ገቢር ላይ አደረገው። ፉጨቱ አላስቀምጥ ሲለው ከሦስተኛው ምሽት በኋላ ሥራውን ከመድረክ አነሳ።

የጋዝ መብራት መድረኩን ሲያደምቅ የጨፋሪዎቹን ሕይወት ለአደጋ ማጋለጡንስ ያውቁ ኖሯል? የባሌ ቀሚስ ስስ ነው፣ የመብራቱ ነበልባል ደግሞ ክፍት ነው። ክላራ ዌብስተር በ1844 ድሩሪ ሌን ውስጥ ቀሚሷ ተቀጣጥሎ ሞተች። ኤማ ሊቭሪ በ1862 ፓሪስ ላይ በልምምድ ሳለች ተቃጠለች፤ ከወራት ስቃይ በኋላም አረፈች። ልብስን እሳት እንዳይበላው የሚያደርግ መድኃኒት በዚያን ጊዜ ነበረ፤ ነገር ግን ጨርቁን ስለሚያደርቀውና መልኩን ስለሚያበላሽ ሊቭሪ አልለብስም ብላ ነበር። በቪየና ደግሞ በታኅሣሥ 1881 የሪንግ ቲያትር ተቃጥሎ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ ሳቮይ ቲያትር በኤሌክትሪክ መብራት ደመቀ፤ ለብዙዎቹ የዘገየ ብርሃን ነው።

በኒው ዮርክ ደግሞ አንድ ቃጠሎ ሲሳይ አመጣ። በ1866 ከአውሮፓ የመጣ የባሌ ቡድን ሊጨፍርበት የነበረው አዳራሽ ተቃጠለ፤ ቡድኑም ኒብሎስ ጋርደን ውስጥ ጥቁሩ ወንጀለኛ ከተባለ ተውኔት ጋር ተዳበለ። የመጀመሪያው ምሽት አምስት ሰዓት ተኩል ፈጀ ይባላል፤ ተውኔቱ ግን 474 ጊዜ ታየ።

የመጨረሻው እኛንም ይመለከተናል። አይዳ በተባለው የሙዚቃ ደራሲው የቬርዲ ኦፔራ ባለታሪኳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ አባቷ አሞናስሮም በኦፔራው ውስጥ በግብፆች ተሸንፎ ይማረካል። ሥራውን ያዘዘው የግብፁ ገዥ ከዲቭ እስማኤል ነበር፤ ለቬርዲም 150,000 ፍራንክ ከፈለ። ትዕይንቱና አልባሳቱ ፓሪስ ውስጥ ተሠርተው ከተማዋ በፕሩሺያ ጦር ስለተከበበች ዘገዩ፤ ኦፔራው ካይሮ ላይ የታየው ታኅሣሥ 24 ቀን 1871 ነው። ቬርዲ አልተገኘም። አራት ዓመት ሳይሞላ የእስማኤል ጦር በእውነተኛው ኢትዮጵያ ላይ ዘመተ፤ በኅዳር 1875 ጉንደት ላይ፣ በመጋቢት 1876 ደግሞ ጉራ ላይ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ጦር ተሸነፈ።