በባሕር ላይ መቃወም ውንብድና ነውን?



አንድ ሰው በነዳጅ ማውጫ ላይ ተቃውሞውን ለማሰማት ሲወጣ «ወንበዴ» ሊባል ይችላልን? ጥያቄው የሕግ ተማሪዎች ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ አንድ ቃል ምክንያት 30 ሰዎች የ15 ዓመት እስራት ተጋርጦባቸው ስለነበር በዚህ እትም ጉዳዩን አብረን እንመልከት።

እ.ኤ.አ. መስከረም 18 ቀን 2013 የግሪንፒስ አባላት ከ«አርክቲክ ሰንራይዝ» መርከብ በትናንሽ ጀልባዎች ተነሥተው፣ በሩሲያ ፔቾራ ባሕር ወደሚገኘው የ«ፕሪራዝሎምናያ» ነዳጅ ማውጫ ሄዱ። በአርክቲክ የሚካሄደውን የነዳጅ ቁፋሮ ለመቃወም ሁለቱ ግድግዳውን ሊወጡ ሲሞክሩ ተያዙ። በማግሥቱ የታጠቁ የሩሲያ ኃይሎች ከሄሊኮፕተር መርከቡ ላይ ወርደው ተቆጣጠሩት፤ ወደ ሙርማንስክም ወሰዱት። ሁለት ጋዜጠኞችን ጨምሮ 30ውም ሰዎች ታሰሩ። የመጀመሪያው ክስ የባሕር ላይ ውንብድና ነበር።

ሕጉ ምን ይላል? በ1982ቱ የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት መሠረት፣ ውንብድና ማለት የአንድ መርከብ ሰዎች ለግል ዓላማ ብለው በሌላ መርከብ ላይ የሚፈጽሙት የኃይል ድርጊት ወይም ዘረፋ ነው። ከባሕር ወለል ጋር የተያያዘ ነዳጅ ማውጫ ግን መርከብ አይደለም። ከሳሾቹም ቆይተው ክሱን ወደ ሥርዓት አልበኝነት ቀየሩት።

ታዲያ ባለ ነዳጁ አገር ጥበቃ የለውም ማለት ነውን? አይደለም። ከጠረፍ እስከ 200 ኖቲካል ማይል በሚደርሰው ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና ውስጥ ነዳጁን የማውጣት መብት የእርሱ ነው። በማውጫው ዙሪያም እስከ 500 ሜትር የሚደርስ የደኅንነት ክልል መከለል ይችላል። ከዚያ ውጭ ያለው ውኃ ግን ለሁሉም አገር መርከቦች ክፍት ነው፤ በመርከቧም ላይ ሥልጣን ያለው ሰንደቅ ዓላማዋን የምታውለበልብላት አገር ናት።

የ«አርክቲክ ሰንራይዝ» ሰንደቅ ዓላማ የኔዘርላንድስ ነበርና ኔዘርላንድስ ሩሲያን ከሰሰች። ዓለም አቀፉ የባሕር ሕግ ፍርድ ቤት በኅዳር 2013፣ 3.6 ሚሊዮን ዩሮ ዋስትና ተይዞ መርከቡና ሰዎቹ እንዲለቀቁ አዘዘ። ሩሲያ በክርክሩ አልተሳተፈችም፤ ሆኖም ታሳሪዎቹ በታኅሣሥ ወር በወጣ ምሕረት ነጻ ወጡ።

የግልግል ዳኞቹ ደግሞ በነሐሴ 2015 ውሳኔያቸውን ሰጡ። በባሕር ላይ መቃወም ከመርከብ ጉዞ ነጻነት ጋር የተያያዘ ሕጋዊ ተግባር መሆኑን፣ ባለ ጠረፉ አገርም በመብቱ ላይ እንቅፋት እስካልሆነ ድረስ የተወሰነ መረበሽን መታገሥ እንዳለበት ገለጹ። የደኅንነት ክልሉን ጥሶ የሸሸን መርከብ አሳድዶ መያዝ ቢፈቀድም፣ ማሳደዱ ሳይቋረጥ መቀጠል ነበረበት፤ እዚህ ግን ተቋርጧል። ስለዚህ ያለ ኔዘርላንድስ ፈቃድ መርከቡን መያዝ ሕገ ወጥ ነው ተባለ። በ2019 ሩሲያ 2.7 ሚሊዮን ዩሮ ለመክፈል ተስማማች።

ዳኞቹ ግን ለተቃዋሚዎችም ልቅ መብት አልሰጡም። የሰው ሕይወትን ወይም መሣሪያን አደጋ ላይ የሚጥል ድርጊት ሲፈጸም ባለ ጠረፉ አገር እርምጃ መውሰድ ይችላል።

ባሕር ለሌለን ለእኛስ ይህ ምን ያደርግልናል? ስምምነቱ ወደብ አልባ አገሮችም በሰንደቅ ዓላማቸው መርከብ እንዲያስጓዙ መብት ይሰጣል። የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ የያዙ መርከቦች በሌሎች አገሮች ውኃ አጠገብ ሲያልፉ የሚጠብቃቸው ይኸው ሕግ ነው።

ከሁሉም በላይ የምንይዘው ትምህርት ይህ ነው፦ ለአንድ ድርጊት ስም ከመስጠታችን በፊት ትርጉሙን እንመርምር። ፍትሕ የሚጀምረው ነገሩን በትክክለኛ ስሙ ከመጥራት ነውና። በሚቀጥለው እትም ኢንሻአላህ እንገናኛለን።

ወሰላሙ ዐለይኩም!