የውሻው ጆሮና የሊማሊሞ ጥምዝ

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርድ መኪና ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ሲደርስ ረዳቱ ማንም ሳይጠይቀው ፌስታል ማደል ይጀምራል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ጠርቦ ያወጣው ይህ መንገድ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ አንዱ ጥምዝ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል። አንዱ ተሳፋሪ ሎሚ ያሸታል፣ ሌላው ጤና አዳም አፍንጫው ውስጥ ይወትፋል፣ “መስኮት ክፈቱ” የሚለውና “ብርድ ይመታናል” የሚለው ይጨቃጨቃሉ። የሚያጥወለውለው ምን እንደሆነ ለጠየቀ ሁሉም መልስ አለው። ናፍጣው ነው፤ ገደሉን ማየት ነው፤ ባዶ ሆድ ነው፤ ጠዋት የተበላው ነው።

ከወንበር ሥር የተኛ ቡችላ ግን ገደሉን አያይም። ስለ ሊማሊሞም የሰማው ወሬ የለም። ሆኖም ከንፈሩን ደጋግሞ ይልሳል፣ ያዛጋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ለሀጩ ይዝረበረባል፤ ከዚያ ያስመልሰዋል።

የወገራና የዳባት ውሻ ድሮ ዕድሜውን ሙሉ በእግሩ ነበር የሚሄደው፤ ከበግ ኋላ፣ ከጌታው ኋላ። ዛሬ ከደባርቅ የተገኘ ቡችላ በሚኒባስ ጎንደር ይገባል፤ የጎንደሩም ውሻ ለክትባት በባጃጅ ይጫናል። አንዴ ያስመለሰውን ውሻ ባለቤቱ “ይሄ መኪና አይወድም” ብሎ ይተወዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ መተው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ዛሬም ሰው ይገድላል፤ ስሜን ተራሮች ላይ ደግሞ የቤት ውሻ በሽታ ለቀይ ቀበሮ ይተርፋል። መኪና መሳፈር የማይችል ውሻ ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል።

ታዲያ ጥፋቱ የሆዱ ነው፣ የአፍንጫው ወይስ የልቡ? የምርመራው የመጀመሪያ ፍንጭ የተገኘው መስማት ከተሳናቸው ሰዎች ነበር። በ1882 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ መስማት የተሳናቸው 519 ሰዎች ሲሽከረከሩ ምን እንደሚሰማቸው መረመረ። 186ቱ ምንም አላዞራቸውም። መስማት ከሚችሉት ወደ 200 የሚጠጉ የሃርቫርድ ተማሪዎችና ሌሎች ሰዎች ውስጥ ግን የማያዞረው አንድ ብቻ ተገኘ። ጄምስ ከዚህ ተነስቶ የባሕር ሕመምም እንደ ማዞሩ ከውስጥ ጆሮ ሊመጣ እንደሚችል ጠረጠረ። ጥርጣሬው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ገደማ በባሕር ላይ ተረጋገጠ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ተመራማሪዎች መስማት የተሳናቸው የጋላዴት ኮሌጅ ሰዎችን ይዘው በኖቫ ስኮሺያ አጠገብ ወደሚናወጥ ባሕር ገቡ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ታመው ወደቁ፤ ሰዎቹ ግን ካርታቸውን መጫወት ቀጠሉ።

ውስጥ ጆሮ ከመስማት ሌላ ሁለተኛ ሥራ አለው። ከመስሚያው አጠገብ ፈሳሽ የሞላባቸው ሦስት ጥቃቅን ቦዮች አሉ። ብርሌ በእጅ ሲዞር ጠጁ ከብርሌው ጋር እኩል አይዞርም፤ ወደ ኋላ ይቀራል። መኪናው ሲጠመዝዝም በቦዮቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንዲሁ ይዘገያል፤ መዘግየቱ ለአንጎል “ዞረናል” የሚል መልእክት ይሆናል። ወንበር ሥር ያለ ቡችላ ዓይኑ የሚያየው የማይንቀሳቀስ የወንበር እግር ነው። ጆሮው “እየዞርን ነው” ይላል፤ ዓይኑ “ቆመናል” ይላል።

ጥፋቱ የጆሮ መሆኑን በውሻ ያረጋገጠው ስዊድናዊው ሐኪም ሾበርግ ነው። በ1931 ባሳተመው ጥናት፣ ውስጥ ጆሯቸው የተወገደ ውሾች ምንም ያህል ቢወዛወዙ አላስመለሳቸውም። በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲው ፊሊፕ ባርድና ባልደረቦቹ ደግሞ በ1947 ከዚያ አለፉ። የአንጎላቸው ትልቁ የላይኛው ክፍል የተወሰደባቸው ውሾች እንኳ ሲወዛወዙ ያስመልሳቸው ነበር። በትንሹ አንጎል ውስጥ ከጆሮ መልእክት የሚቀበለው ቁራጭ ሲወጣ ግን ማስመለሱ ቆመ። “ፈሪ ስለሆነ ነው” የሚለው ክስ እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ለማስመለስ ማሰብም ገደል ማየትም አያስፈልግም። ውሻ ያለው ሰው ሁሉ የእነዚያን ውሾች ውለታ ሊያስበው ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ መልሱ የተገኘው ጆሯቸው ተወስዶ ነው።

በዚያው ዓመት፣ በዚያው በጆንስ ሆፕኪንስ፣ ማንም ያልፈለገው ነገር ተገኘ። ሐኪሞቹ ሌስሊ ጌይና ፖል ካርሊነር ቆዳዋ ለሚያብጥባት አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት አዲስ የአለርጂ መድኃኒት ሰጧት። ሴትዮዋ ተመልሳ ስትመጣ ያወራችው ስለ ቆዳዋ ሳይሆን ስለ ጉዞዋ ነበር፤ የከተማው ባቡር ዕድሜዋን ሙሉ ያጥወለውላት ነበርና አሁን አልነካትም። መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ሲሰጧት ሕመሙ ተመለሰ። በ1948 መጨረሻ ጄኔራል ባሉ በተባለ የወታደር መርከብ ላይ በአትላንቲክ ማዕበል ተፈተነና ሠራ። ድራማሚን የሚባለው ኪኒን ይህ ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ቀረ። መዞር ለምን ሆድን ይገለብጣል? በ1977 ሚሼል ትሬዝማን መልስ ብሎ ያቀረበው ሐሳብ ይህ ነበር፦ መኪናና መርከብ ሳይኖሩ ጆሮና ዓይን እንዲህ የሚጣሉት እንስሳው መርዝ ሲበላ ነው፤ አንጎልም በዚያ ጥንታዊ ልማዱ የበላኸውን ትፋ ይላል። ካናዳውያኑ ኬን መኒና ቦብ ቹንግ በ1983 ነገሩን በውሾች ፈተኑት። ውስጥ ጆሯቸው የተወገደ ውሾች ሲወዛወዙ ብቻ ሳይሆን አንዳንድ መርዝ ሲሰጣቸውም እንደ ሌሎቹ ማስመለስ አቃታቸው። እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምወደው ይህን ክፍል ነው። ሊማሊሞ ላይ የሚያስመልሰው ቡችላ በሽተኛ አይደለም፤ ሰውነቱ ሊያድነው እየሞከረ ነው።

ይህ የጆሮና የዓይን ጠብ ደግሞ በልምድ ይበርዳል። ምስክሩ ረዳቱ ነው፤ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ ቆሞ፣ ሂሳብ እየተቀበለ ይወርዳል፤ ምንም አይሆንም። ቡችሎች ከአዋቂ ውሾች ይበልጥ ይጠቃሉ፤ ብዙዎቹ ሲያድጉ ይተዋቸዋል። ክፉው ነገር ውሻው ሕመሙን ከመኪናው ጋር ማያያዙ ነው። ያኔ ሞተሩ ሳይነሳ፣ በሩ ሲከፈት ብቻ ለሀጩ ይወርዳል። ስለዚህ ማለማመዱ ከቆመ መኪና ይጀምራል። ሞተሩ ጠፍቶ ውሻው ይገባል፣ የሚወደውን ይበላል፣ ይወርዳል። ሲረጋጋ ሞተሩ ይነሳል፤ ከዚያ እስከ ሰፈሩ ጥግ፤ ከዚያ ቀና ባለው መንገድ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ መጨረሻው ሜዳና ሩጫ ወዳለበት ቦታ እንጂ ሁልጊዜ ወደ መርፌ አይሁን። ከንፈሩን መላስ ሲጀምር መኪናው ይቁም፤ ከማስመለሱ በፊት ያለው ያ ጊዜ ነው ዋጋ ያለው።

ለረጅም ጉዞ ከመነሳቱ በፊት ለጥቂት ሰዓታት ምግብ ይቅርበት፤ ውኃ ግን አይከልከል። ፊቱ ወደ ፊት ይሁን፤ መወዛወዙም እንዲቀንስ በመታጠቂያ ይያዝ። መስኮቱ ትንሽ ይከፈት። ሾፌሩም ጥምዙን በዝግታ ይያዝ፤ ውሻው ወንበር አይጨብጥምና።

ይህ ሁሉ ካልበቃ ማሮፒታንት የሚባል ለውሻ የተሠራ መድኃኒት አለ። በ1931 ለንደን ውስጥ ቮን ኦይለርና ጋዱም ያገኙት ሰብስታንስ ፒ የተባለ ንጥረ ነገር ወደ አንጎል ማስመለሻ ማዕከል መልእክት ያደርሳል፤ ማሮፒታንት መልእክቱ የሚገባበትን በር ይዘጋል። በ2007 አሜሪካ ውስጥ ለውሾች ተፈቀደ። ከጉዞው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ይሰጣል፤ ማስመለሱን በደንብ ይከላከላል፣ ማቅለሽለሹን ግን ሙሉ በሙሉ አያጠፋም። ለሰው የተሠራውን ኪኒን በግምት ቆርሶ ለውሻ መስጠት ፈጽሞ አይገባም፤ ልኩ በውሻው ክብደት ይወሰናል። ጎንደር የእንስሳት ሐኪም የሚያሠለጥን ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት፤ ክትባቱን የሚሰጠውን ሐኪም በዚያው ስለ ጉዞውም መጠየቅ ይቻላል።