ፍርሃት፣ ይሉኝታ፣ ሕሊና፦ የግብረገብ ዝግመተ ለውጣዊ ሥሮች



ቻርለስ ዳርዊን ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ እ.ኤ.አ. በ1871 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጠንካራ ማኅበራዊ ደመ ነፍስ ያለው ማንኛውም እንስሳ አእምሮው እንደ ሰው ቢዳብር የግብረገብ ስሜት ማግኘቱ እንደማይቀር ሞግቷል። ይህ ሙግት ምን ያህል ያስኬደናል?

ከቅርባችን ልጀምር። የሰሜን ተራሮች ጭላዳዎች በአንድ አውራ ወንድ ሥር ተሰባስበው ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ሴቶቹ ከሌላ ወንድ ጋር የሚገናኙት አውራው ራቅ ሲል ነው፤ እንደ ወትሮውም ድምፅ አያሰሙም። ከደረሰባቸው ይቀጣልና። እዚህ ደንብ መሰል ነገርና ቅጣት አለ፤ የሚታየው ግን ፍርሃት እንጂ ሕሊና ነው ለማለት አያስደፍርም።

ሁለተኛው ማስረጃ ፍትሕን ይመለከታል። ሣራ ብሮስናንና ፍራንስ ደ ቫል እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ ባደረጉት ሙከራ፣ ካፑቺን ጦጣዎች ጠጠር እየመለሱ ኪያር ይቀበሉ ነበር። ጎረቤታቸው ለዚያው ሥራ ወይን ሲሰጠው ባዩ ጊዜ ግን ደጋግመው እምቢ አሉ። ልብ በሉ፤ የተቃወመው የተበደለው ነው። በ2010 የወጣ ሌላ ጥናት ግን፣ ቺምፓንዚዎች ጓደኛቸው ካሮት ብቻ ሲደርሰው የራሳቸውን ወይን የመተው ዝንባሌ እንዳሳዩ መዝግቧል።

ተፈጥሯዊ ምርጫ እንዲህ ያለውን ባሕርይ እንዴት ያቆየዋል? ዊልያም ሃሚልተን በ1964 ለዘመድ የሚከፈል መሥዋዕትነት የጋራ ዘረመልን እንደሚያሻግር፣ ሮበርት ትሪቨርስ በ1971 ውለታ መመላለስ ሁለቱንም ወገን እንደሚጠቅም አስረድተዋል።

ተማሪዎች ዘወትር፣ «ግብረገብ ከእንስሳ ከመነጨ ክብሩ አይቀንስም ወይ?» ይሉኛል። አይቀንስም። የመቁጠር ችሎታችንም ዝግመተ ለውጣዊ ሥር አለው፤ የሒሳብ እውነትነት ግን በዚያ አይወሰንም። የአንድ ነገር ምንጭ ሌላ፣ ልክነቱ ሌላ ነው።

ጭላዳ የሚጠነቀቀው ቀጪው በአቅራቢያው ሳለ ነው። ሰው ደግሞ በይሉኝታ የሌሎችን ዓይን በውስጡ ይዞ ይዞራል። ይሉኝታ ግን ብቻውን አይበቃም፤ መንደሩ ሁሉ ሲያጠፋ አብሮ ያጠፋልና። ሕሊና የሚጀምረው ማንም ሳያየን፣ ወይም ሁሉም እያየን ሳለ፣ «ይህ ልክ ነውን?» ብለን ስንጠይቅ ነው። ለዘመድና ለባለውለታ ማድላትን ወርሰናል። ዘመዳችን ላልሆነና ውለታ ሊመልስ ለማይችል ሰው መፍረድን ግን በየትውልዱ እንደ አዲስ ልንማረው ይገባል።