«ፍቅረኛ አለሽ?» ቢሉኝ ምን ልበል?

ባለፈው ሰሞን፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት አካባቢ፣ ቴሌግራም ላይ መልዕክት ገባልኝ። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የማውቃት፣ አሁን ሚዛን ተፈሪ ያለች ጓደኛዬ ናት። «ሐሙስ ኢንተርቪው አለኝ። ፍቅረኛ አለሽ ወይ ቢሉኝ ልንገራቸው ወይስ ልካድ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ አሜሪካ ውስጥ በምግብ ሳይንስ የሁለት ዓመት ማስተርስ ከነስኮላርሺፑ አግኝታለች። ኔትወርክ ሲመጣ ሲሄድ፣ ሌሊት እየተነሳች ያመለከተችው ራሷ ናት። ፍቅረኛዋ ደግሞ አሜሪካዊ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በቡና ጉዳይ ሚዛን ሲመጣ ነው የተዋወቁት።

እዚያ አካባቢ ይሄ ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ የተወሰደው የጌሻ ቡና ዘር፣ በታንዛኒያና በኮስታሪካ በኩል ዞሮ ፓናማ ገባ። በ2004 የፓናማን የቡና ውድድር ካሸነፈ በኋላ ምንጩን ፍለጋ የሚመጣው ሰው በዛ። ነጋዴ ይመጣል፣ ተመራማሪ ይመጣል። ቡና ሊያይ የመጣ ሰው ደግሞ ሌላም ነገር ያያል።

ችግሩ የጀመረው «ፕሮሰስ እሠራለሁ» የሚል ሰውዬ ጋ ከሄደች በኋላ ነው። ፎርሙን የሞላላት እሱ ነው። ምክሩም አጭር ነበር፦ «የልጁን ፎቶ በሙሉ አጥፊ፣ ብሎክ አድርጊው፣ እዚያ የማውቀው ሰው የለም በይ።»

እስቲ ከፎርሙ እንጀምር። ለአሜሪካ ቪዛ የሚሞላው ዲኤስ-160 «ፍቅረኛ አለሽ?» ብሎ አይጠይቅም። የጋብቻ ሁኔታን ይጠይቃል። ከወላጅ ውጪ አሜሪካ ውስጥ የቅርብ ዘመድ አለ ወይ ብሎም ይጠይቃል፤ የቅርብ ዘመድ የሚላቸው የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት፣ እና እጮኛ ናቸው። የወንድ ጓደኛ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። እጮኛ ግን አለ።

እዚህ ጋ ስደርስ ጠየቅኳት፤ «ቀለበት አስሯል እንዴ?»

«ቀለበት የለም» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ግን ባለፈው ሲመጣ አባቴ ጋ ሽማግሌ ልኮ ነበር። አባዬም እሺ ብሏል፤ መጀመሪያ ትምህርቷን ትጨርስ ብሎ።»

ሰውዬው ፎርሙ ላይ «የለም» ብሎ ሞልቷል።

ብዙዎቻችን የምንስተው ይሄን ነው። በእኛ ሀገር ጓደኛ የሚባለው መቼ እጮኛ እንደሚሆን፣ እጮኛ የሚባለውም መቼ ባል እንደሚሆን ፎርም ላይ ባለች አንዲት ሳጥን አይለካም። የፌዴራሉን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992ን ብታዩ፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊትም፣ በሃይማኖትም፣ በባህልም የተፈጸመ ጋብቻ ጋብቻ ነው። ስለዚህ «ማዘጋጃ ቤት አልፈረምንም እኮ» ብላችሁ «ያላገባ» የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት፣ ቤተሰብ ድግስ ደግሶ የዳራችሁ እንደሆነ አስቡበት።

ታዲያ እውነቱን መናገር ዋጋ የለውም ወይ? አለው፤ አልዋሻችሁም። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 214(ለ) ተማሪ ቪዛ የሚጠይቅን ሰው ሁሉ፣ ሌላ እስኪያስረዳ ድረስ፣ ለመቅረት እንደሚሄድ ይቆጥረዋል። የማስረዳቱ ሸክም የእናንተ ነው። እዚያ የሚጠብቅ እጮኛ ሲኖር ሸክሙ ይከብዳል።

ኢኮኖሚክስ ስንማር ማይክል ስፔንስ የሚባል ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1973 በጻፈው የሲግናል ጥናት የሚታወቅ፣ በ2001 ደግሞ ከአከርሎፍና ከስቲግሊትዝ ጋር ኖቤል የተሸለመ። ሐሳቡ በአጭሩ፦ አንዱ ወገን የሚያውቀውን ሌላው በማያውቅበት ቦታ፣ ሰው የሚዳኘው በሚታየው ምልክት ነው። ለቡና ሀገር ሰው ይሄ አዲስ አይደለም። ቀማሹ ከጆንያው ትንሽ ናሙና ይወስድና በሙሉው ጭነት ላይ ይፈርዳል። ቆንስሉም በጥቂት ደቂቃ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ልባችሁን አያየውም፤ የሚያየው መልሳችሁን፣ ፎርሙንና ስልካችሁ ውስጥ ያለውን ሕይወት ነው።

ስልካችሁን ያልኩት ለቀልድ አይደለም። ከ2019 ጀምሮ ፎርሙ የአምስት ዓመት የሶሻል ሚዲያ ስማችሁን ይጠይቃል። ከሰኔ 2025 ወዲህ ደግሞ የተማሪ ቪዛ አመልካቾች ገጻቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ታዘዋል። እናንተ ብታጠፉት እንኳ እሱ ገጽ ላይ፣ እህታችሁ ገጽ ላይ፣ በበቃ እርሻ ላይ አብራችሁ የተነሳችሁት ፎቶ አለ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። እውነቱን ተናግራ ብትከለከልስ? በ214(ለ) የተከለከለ ሰው ነገሮቹ ሲስተካከሉ እንደገና ማመልከት ይችላል። የቪዛው 185 ዶላር አይመለስም። የሴቪስ 350 ዶላር ግን በ12 ወር ውስጥ ለተመሳሳይ ቪዛ እንደገና ካመለከተች ድጋሚ አትከፍለውም። ሁለቱ ሲደመሩ 535 ዶላር ነው፤ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሬ ለውጥ በፊት 30 ሺህ ብር ገደማ ነበር፣ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በዚህ ላይ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በቦንጋና በጅማ አድርጎ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ አለ። ያማል፤ ግን የሚተካ ነው።

ዋሽታ ብትያዝስ? ቪዛ ለማግኘት ሲባል ወሳኝ ጉዳይን ሆን ብሎ አዛብቶ መናገር በዚያው ሕግ ወደ አሜሪካ ከመግባት ዕድሜ ልክ ያሳግዳል። ማንሻ የሚጠየቅበት መንገድ ቢኖርም ጠባብ ነው። እገዳው ደግሞ ተማሪነቷን ብቻ አይነካም፤ ነገ አግብታ ልትሄድ የምትችልበትንም በር ይዘጋል። ሰውዬው ፍቅሯን «ሊያድንላት» ብሎ የሰጣት ምክር ፍቅሯን የሚቀብር ነው።

ሌላም የተምታታ ነገር አለ። ዓላማችሁ ሄዶ ማግባት ከሆነ የተማሪ ቪዛ መንገዱ አይደለም። ለዚያ ኬ-1 የሚባል የእጮኛ ቪዛ አለ። አመልካቹ የአሜሪካ ዜጋ መሆን አለበት፣ ከማመልከቱ በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ በአካል ተገናኝታችሁ መሆን አለበት፣ ከገባችሁም በ90 ቀን ውስጥ መጋባት አለባችሁ። በተማሪ ቪዛ ገብቶ ትምህርቱን ትቶ በ90 ቀን ውስጥ አግብቶ መቀመጥ ግን «መጀመሪያውኑ ዋሽተሃል» የሚል ግምት ያስከትላል። ተምሮ፣ ቆይቶ፣ ሕይወት ተቀይሮ ማግባት ሌላ ነገር ነው።

ሀገር ሲቀየር ሕጉም ይቀየራል። የካናዳ ሕግ ለጊዜው መሄድንና ወደፊት ለመኖር ማሰብን አብረው ሊሄዱ የሚችሉ አድርጎ ያያል። እንግሊዝ ከጥር 2024 ወዲህ፣ ከምርምር ተማሪዎችና ከጥቂቶች በቀር፣ አዲስ ተማሪ የትዳር ጓደኛውን ይዞ እንዲገባ አትፈቅድም። ስለዚህ «የአጎቴ ልጅ እንዲህ ብሎ አለፈ» የሚለውን ትታችሁ የምትሄዱበትን ሀገር ሕግ ከራሱ ከኤምባሲው ገጽ አንብቡ።

ከገንዘብ በኩልም አንድ ነገር ልጨምር። የቡና ገበሬ ልጅ የባንክ ስቴትመንት ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ በለቀማ ሰሞን ብድግ ይላል። ለማያውቅ ሰው ይሄ የተበደረ ብር ይመስላል። የእሸት ወይም የጀንፈል ሽያጭ ደረሰኝ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ወረቀት፣ የአባት የመሬት ይዞታ ደብተር ካለ ያዙት። ባይጠየቅም፣ «ገንዘቡ ከየት መጣ?» ስትባሉ አፋችሁ አይያያዝም።

ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ሰምታ ሌሊቱን አልተኛችም። ጠዋት አባቷን ጠየቀች፤ «አባዬ፣ እሱ ለእኔ ምኔ ነው?»

«ሽማግሌ ልኮ እሺ የተባለ ሰው እጮኛ ነው» አሏት። «ምኑ ያሳፍራል? እኔ ትምህርትሽን ጨርሰሽ እዚሁ ሚዛን እድርሻለሁ ብዬ ነው ቃል የሰጠሁት።»

ሳያውቁት የኢንተርቪውን መልስ ሰጧት። ለምን እንደምትሄድ፣ ከማን ጋር ምን እንደተባባለች፣ ለምን እንደምትመለስ፤ ሦስቱም እዚያ ውስጥ አሉ። ደግሞም በቃል የተጠና አይደለም፤ የሆነ ነው።

ሐሙስ አልሄደችም። ቀጠሮውን አዛወረች፣ አዲስ ፎርም በራሷ እጅ ሞላች፣ «እጮኛ» በሚለው ላይ «አዎ» አለች። የመጀመሪያው ፎርም ላይ ምን እንደተሳሳተ፣ ሳትጠየቅ ቀድማ ለመናገርም ወስናለች። ይህን ስጽፍ አዲሱ ቀጠሮ ገና አልደረሰም።

ይሰጧት ይሆን? አላውቅም፤ እሷም አታውቅም። ትናንት ማታ ግን ቴሌግራም ላይ የፕሮፋይል ፎቶዋን ቀይራለች። ሁለቱ፣ ከአባቷ ጓሮ፣ የቡናው ዛፍ ሥር።