ልብ በሰው አገር ሲሰበር፦ ሁለት ፊልሞች ስለ መመለስ ምን ያሳያሉ?

የፍቅር ኮሜዲ ፊልም በአብዛኛው የሚጓዝበት መንገድ የታወቀ ነው፤ ሁለት ወጣቶች ይገናኛሉ፣ ይጋጫሉ፣ ተመልካቹን እያሳቁ ቆይተው ታሪኩ በሰርግ ይፈጸማል። ይሁን እንጂ ታሪኩ ፍቅር ከፈረሰ በኋላ የሚጀምርበት ሌላ ዓይነትም አለ። በዚህኛው ባለታሪኳ የምትፈልገው ሌላ ባል ሳይሆን ራሷን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 ለእይታ የበቃው የህንድ ፊልም «ኩዊን» ለዚህ ማሳያ ነው። ራኒ የተባለችው የዴልሂ ልጅ፣ ለሰርጓ ሽር ጉድ እየተባለ ሳለ እጮኛዋ ጋብቻውን እንደማይፈልግ ይነግራታል። እርሷም ለጫጉላ ጊዜያቸው ወደታሰቡት ፓሪስና አምስተርዳም ብቻዋን ትሄዳለች። በማታውቀው አገር የሚገጥማት ግራ መጋባት ያስቃል፤ እያደር ግን ድፍረቷ ይጨምራል። በመጨረሻ እጮኛዋ ተጸጽቶ ሲመጣ፣ አመስግና ቀለበቱን ትመልስለታለች። ሰርግ የለም፤ ፍጻሜው ግን የደስታ ነው።

ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ተመሳሳዩን ጥያቄ በ«ጤዛ» ፊልማቸው ያለ ሳቅ አንሥተውታል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በቡርኪና ፋሶው ፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። ባለታሪኩ አንበርብር ለትምህርት ጀርመን የሄደ ምሁር ነው። በአብዮቱ ዘመን ተስፋው ጨልሞ፣ በጀርመንም በደረሰበት የዘረኞች ጥቃት እግሩን አጥቶ፣ ጣና ሐይቅ አጠገብ ወደሚገኘው የእናቱ መንደር ይመለሳል። የሚያጽናናው ዝናው ወይም ዲግሪው አይደለም፤ የእናቱ ትዕግሥት፣ መንደሩ ያገለላት የአዛኑ ፍቅር እና የመንደሩን ልጆች ማስተማር ነው።

ይህ ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሃቤቴ ልጁን ወደ አረብ አገር ለላከ ቤተሰብም ሩቅ ወሬ አይደለም። ለቤት ቆርቆሮ፣ ለበሬ መግዣ ገንዘብ ስትልክ የቆየች ልጅ ስትመለስ፣ እጮኛዋ ሌላ አግብቶ ሊጠብቃት ይችላል። ያን ጊዜ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» የሚለው ጥያቄ ቁስሏን ያሰፋዋል፤ ቶሎ ለመዳር መቸኮልም እንዲሁ። ሁለቱ ፊልሞች የሚያሳዩት መፍትሔ ቀላል ነው፤ የሚያዳምጥ ሰው፣ የማገገሚያ ጊዜ፣ በራስ የሚመረጥ ሥራ። ትዳር ከዚያ በኋላ፣ በፈቃዷ ሲሆን ያምራል።